«ጓንት ሰጥተንሃል» ብቻውን መልስ አይሆንም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሥራ ቦታ ደህንነትና ጤንነት

በቅርቡ ወደ አምዳችን ከደረሱት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ ወይም ሊጎዳ እንደሚችል እየታወቀ ዝም ሲባል፣ ድርጅቱ ምን ያህል ኃላፊ ይሆናል? ለዚህ ዕትም አምስቱን መርጠናል። የጸሐፊዎቹን ስምና የድርጅቶቻቸውን ማንነት አስቀርተናል፤ ደብዳቤዎቹንም ፍሬ ነገራቸውን ሳንነካ አሳጥረናል። መልሶቹ በዋናነት የተመሠረቱት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ ስለሆነ፣ በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የምትተዳደሩ አንባቢያን የራሳችሁን አዋጅ እንድትመለከቱ እናሳስባለን።

ጥያቄ፦ «በአንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ባለፈው ወር ጣውላ ስሰነጥቅ ክብ መጋዙ የግራ እጄን ሌባ ጣትና መሐል ጣት ቆረጠኝ። በማሽኑ ላይ የነበረውን የመጋዝ መከለያ ‹ሥራ ያዘገያል› ብሎ ፎርማኑ ካስወለቀው ዓመት አልፎታል። ባለቤቱ የመጀመሪያውን ቀን የሕክምና ወጪ ከፈሉልኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ‹ጓንት ሰጥተንሃል፤ ሳታደርግ የሠራኸው አንተ ነህ፤ ጥፋቱ የራስህ ነው› ብለው ደመወዜን አቆሙት። እውነት ነው፣ ጓንቱን አላደረግሁም ነበር። ታዲያ መብት ይኖረኝ ይሆን?» (አናጺ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ይማርዎት። አሠሪዎ ክርክራቸውን ያቆሙት በጓንቱ ላይ ስለሆነ እኔም ከጓንቱ ልጀምር። ይህ ክርክር ከሕጉ በፊት በሙያው የሚወድቅ ነው። በሚሽከረከር መጋዝ፣ በመሰርሰሪያ ወይም በቶርኖ ላይ የሚሠራ ሰው ጓንት ማድረግ የለበትም። የመጋዙ ጥርስ የጓንቱን ጫፍ ወይም የተፈታ ክሩን ከያዘ፣ እጅ ለማምለጥ ጊዜ ሳያገኝ ተስቦ ይገባል፤ በባዶ እጅ ጭረት ሆኖ ሊያልፍ ይችል የነበረው ንክኪ በጓንት ምክንያት የእጅ መቆረጥ ይሆናል። ጓንት ጣውላ ሲሸከሙና ሲደረድሩ ከስንጣሪ ያድናል፤ ከመጋዙ ፊት ሲቆሙ ግን መውለቅ አለበት። ስለዚህ እርስዎ ጓንቱን አለማድረግዎ ጥፋት ሊባል ቀርቶ፣ በዚያ ማሽን ላይ መደረግ የነበረበት ትክክለኛው ነገር ነው።

ከመጋዝ የሚያድነው ሌላ ነው። የመጀመሪያው ፎርማኑ ያስወለቁት መከለያ ነው። ሁለተኛው ከመጋዙ በስተኋላ የሚቆመው ቀጭን ብረት ሲሆን፣ የተሰነጠቀው ጣውላ ተመልሶ መጋዙን እንዳይጨብጥና ወደ ሠራተኛው ደረት እንዳይወረወር ያደርጋል። ሦስተኛው ጣውላው ሲያልቅ ጣትን ተክቶ የመጨረሻዋን ስንዝር የሚገፋው ተራ ዱላ ነው፤ ይህን ዱላ ከቁርጥራጭ እንጨት ለማዘጋጀት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በአንድ ወቅት የጎበኘሁት የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ የመጋዙ መከለያ ግድግዳ ላይ በምስማር ተንጠልጥሎ፣ የመጋዝ ብናኝ ለብሶ አይቼዋለሁ። ለምን እንደተሰቀለ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ተቆጣጣሪ ሲመጣ እንገጥመዋለን» የሚል ነበር። መልሱ ቢያንስ እውነተኛ ነበር፤ መከለያው ለምን እንደሚያስፈልግ ሁሉም ሰው እንደሚያውቅም አረጋግጦልኛል።

ወደ ሕጉ እንምጣ። የአዋጁ አንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኞቹን ደህንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ ሁሉ እንዲወስድ ያስገድደዋል። ስለ ሥራው አደገኛነትና ስለ መከላከያው ሠራተኛውን ማስተማር፣ ለሥራው ተገቢ የሆነ የመከላከያ መሣሪያ መስጠትና አጠቃቀሙን ማሳየት፣ የሥራ ቦታውና የሥራው ሂደት ራሱ የአደጋ ምንጭ እንዳይሆን መጠንቀቅ፣ የደረሰውን አደጋ መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ ከግዴታዎቹ መካከል ናቸው። ከእነዚህ መካከል ዕቃ ማደል አንዷ ብቻ መሆኗን ልብ ይበሉ፤ ብዙ አሠሪዎች ግን ጓንትና ቱታ አስፈርመው የሰጡ ቀን ግዴታቸው ያበቃ ይመስላቸዋል።

ከዚህም በላይ፣ በአንቀጽ 96 መሠረት አሠሪው በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ የሚሆነው ጥፋት ባይኖርበትም ጭምር ነው። እርስዎ ካሣ ለማግኘት የአሠሪዎን ጥፋት የማስረዳት ሸክም የለብዎትም፤ ጉዳቱ በሥራ ላይ ወይም ከሥራው ጋር በተያያዘ መድረሱን ማሳየት ይበቃዎታል። አሠሪው ከኃላፊነት የሚድነው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ጉዳት ሲያደርስ ነው። ሕጉ ለዚህ በተለይ የሚጠቅሳቸው ሁኔታዎች ሁለት ናቸው፤ አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ ወይም የአደጋ መከላከያ ደንብ አለማክበር፣ እንዲሁም ሰውነትን ወይም አእምሮን መቆጣጠር በማይቻልበት ደረጃ ሰክሮ ወደ ሥራ መግባት። አሠሪዎ «መመሪያ ጥሷል» ሊሉ ይሞክሩ ይሆናል። ሆኖም በግልጽ የተሰጠው መመሪያ የትኛው እንደነበረ ማሳየት የእርሳቸው ፋንታ ነው፤ መከለያውን ያስወለቀው የራሳቸው ፎርማን በሆነበት ድርጅት ደግሞ ስለ መመሪያ ማክበር መናገር አስቸጋሪ ይሆንባቸዋል። እንዲያውም መከለያው በትእዛዝ መነሳቱ የአሠሪውን ጥፋት የሚያሳይ በመሆኑ፣ አዋጁ ከሚሰጥዎት ክፍያ በተጨማሪ በሌላ አግባብ ባለው ሕግ ተጨማሪ ካሣ የመጠየቅ በር ይከፍትልዎታል።

አሁን ስለ ገንዘቡ። የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው፤ የቀዶ ሕክምናውም፣ የመድኃኒቱም፣ የአልጋውም። ከሥራ ውጪ በሆኑበት ጊዜ ደግሞ አንቀጽ 108 ለአንድ ዓመት ያህል የሚዘልቅ ክፍያ ይደነግግልዎታል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከደመወዙ ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ለምሳሌ በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ ከሥራ ቢርቅ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት 18,000፣ በሁለተኛዎቹ ሦስት ወራት 13,500፣ በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት 18,000፣ በድምሩ 49,500 ብር ይገባዋል ማለት ነው። አሠሪዎ ደመወዝዎን በመጀመሪያው ወር ማቋረጣቸው ከዚህ ድንጋጌ ጋር በቀጥታ ይጋጫል።

የጣቶችዎ መቆረጥ ዘላቂ ከፊል የአካል ጉዳት ስለሆነ ደረጃው በሕክምና ቦርድ በመቶኛ ይወሰናል። ካሣውን ማን ይከፍላል የሚለው ድርጅቱ የመድን ዋስትና ያለው መሆኑንና እርስዎም በጡረታ ሕግ የታቀፉ መሆንዎን ተከትሎ ይለያያል። የኅብረት ስምምነት ካለም እርሱን ማየት ያስፈልጋል። ሠራተኛው በእነዚህ ባልተሸፈነበት ጊዜ ለዘላቂ ሙሉ ጉዳት የሚከፈለው የዓመት ደመወዝ አምስት እጥፍ ሲሆን፣ ከፊል ጉዳት በመቶኛው ልክ ይሰላል። በወር 6,000 ብር የሚያገኘው ሠራተኛችን የአምስት ዓመት ደመወዙ 360,000 ብር ስለሚሆን፣ ቦርዱ 20 በመቶ ቢወስንለት 72,000 ብር ያገኛል።

ዛሬውኑ የሚደረግ አንድ ነገር አለ። ማሽኑ መከለያ እንደሌለው የሚያሳይ ፎቶግራፍ፣ በቦታው የነበሩ የሥራ ባልደረቦችዎን ስም፣ የሕክምና ማስረጃዎን ከመጀመሪያው ቀን ካርድ ጀምሮ፣ እንዲሁም የደመወዝ መክፈያዎን ይያዙ። ከአደጋ በኋላ መከለያ በአንድ ሌሊት ወደ ማሽኑ ሲመለስ ደጋግሜ አይቻለሁ። በመቀጠል ለክፍለ ከተማዎ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ እዚያ ካልተፈታ ጉዳዩ ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ይሄዳል፤ ሠራተኛ ለዚህ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ሆኖም ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ክስ በመርሕ ደረጃ በአንድ ዓመት ይርጋ ስለሚታገድ «ቁስሉ ይዳንልኝና» ብለው አይዘግዩ።

ጥያቄ፦ «የድርጅታችን ሰርቪስ ጠዋት ወደ ሥራ ሲወስደን ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ ትከሻዬ ላይ ስብራት ደርሶብኛል። የሰው ኃይል ኃላፊው ‹ገና ሥራ አልገባሽም፤ ይህ የትራፊክ አደጋ ነው› ይሉኛል።» (የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ፣ ከዱከም)

መልስ፦ ኃላፊው ተሳስተዋል። አንቀጽ 97 በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋ ምን ምን እንደሚያካትት ሲዘረዝር፣ ሠራተኛው ድርጅቱ ለሠራተኞቹ አገልግሎት ባቀረበው ወይም ለዚሁ ብሎ በተከራየው መጓጓዣ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ከሥራ ሲመለስ የሚደርስበትን ጉዳት በስም ይጠቅሳል። መኪናው የድርጅቱ ይሁን የኪራይ ለውጥ የለውም። በራስዎ ታክሲ ይዘው ሲሄዱ ቢሆን ኖሮ መልሱ እንዲህ ቀላል ባልሆነ ነበር። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን ቅጂ ይያዙ፤ በሰርቪሱ ውስጥ እንደነበሩ የሚያረጋግጥ ዋናው ወረቀት እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ «ሦስት መቶ ያህል ሠራተኞች ባሉት የክር ፋብሪካ ውስጥ የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ ነኝ። በካርዲንግ (ጥጥ በሚበጠርበት) እና በፈትል ክፍሎች አቧራው ብዙ ነው። ለሠራተኞቹ የጨርቅ ማስክና በየቀኑ ግማሽ ሊትር ወተት እንሰጣለን፤ ነገር ግን ማስኩን አያደርጉትም። ሰኞ ሰኞ ደግሞ ደረታቸውን አፈነን እያሉ ወደ ክሊኒካችን የሚመጡ ይበዛሉ፤ አንዳንድ የክፍል ኃላፊዎች ይህን የእሑድ ድግስ ውጤት አድርገው ያዩታል። ሕጉ የሚጠይቀውን አሟልተናል ማለት ይቻላል?» (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ በቅንነት ስለጠየቁ በቅንነት ልመልስልዎ፤ አላሟላችሁም። ደብዳቤዎ ውስጥ ያለችው የሰኞዋ ነገር ደግሞ ዋነኛዋ ናትና ከእርሷ ልነሳ።

የጥጥ አቧራ የሚያስከትለው ቢሲኖሲስ የሚባል የሳንባ በሽታ አለ። መለያው በትክክል እርስዎ የገለጹት ነው። ሠራተኛው የዕረፍት ቀኑን አሳልፎ በሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን ወደ አቧራው ሲመለስ ደረቱ ይጨመደዳል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ማክሰኞና ረቡዕ ሲሆን ይለቀዋል። በመጀመሪያው ደረጃ የሚያስቸግረው ሰኞ ብቻ ስለሆነ ነው ከድግስና ከስንፍና ጋር የሚምታታው። ዓመታት ሲያልፉ ግን የሰኞው አፈና ወደ ሌሎቹ ቀናት ይሻገራል፤ በመጨረሻም ሰውየው ከፋብሪካው ቢወጣም የማይለቀው ቋሚ የሳንባ ጉዳት ይሆናል። የክፍል ኃላፊዎቹ ይህን ይወቁት፤ ሰኞ ሰኞ የሚታመመው ሰው እየቀለደ አይደለም። ከሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑ በሐኪም ሲረጋገጥም በሕጉ ዘንድ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ነው፤ መብቱም ከአደጋው ጋር አንድ ነው።

ወተቱን በሚመለከት በብዙ ፋብሪካዎች ተመሳሳይ ልማድ አለ፤ አንዳንድ የኅብረት ስምምነቶች ውስጥም ገብቷል። ወተት መልካም ምግብ ነው፤ ይቀጥል፤ ከሠራተኛው እጅ ይነጠቅ አልልም። ይሁን እንጂ ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፤ አቧራው የሚሄደው ወደ ሳንባ ነው፤ ሁለቱ መንገዳቸው አይገናኝም። ወተት ከሳንባ አቧራ «ያጥባል» የሚለው እምነት ጉዳቱ የሚጀምረው ሠራተኛውንም አስተዳደሩንም ስለሚያዘናጋ ነው፤ ወተት የጠጣ ሰው ማስክ የማያስፈልገው ይመስለዋል፣ ወተት የገዛ ድርጅትም አቧራውን የተቆጣጠረ ይመስለዋል።

የጨርቅ ማስኩም ትልቁን ብናኝ እንጂ ወደ ሳንባ ጥልቅ የሚገባውን ደቃቅ አቧራ አያስቀርም። ለዚህ የሚሆነው ኤን 95 ወይም አቻው የሆነና ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ነው፤ ጢም ባለበት ፊት ላይ እርሱም ያፈስሳል። ሠራተኞቹ ለምን አያደርጉትም ለሚለው ደግሞ ከመቅጣት በፊት አንድ ፈረቃ ሙሉ ከእነርሱ ጋር ማስክ አድርጎ መቆም ጥሩ መልስ ይሰጣል። ሙቀትና ርጥበት ባለበት ክፍል ስምንት ሰዓት ማስክ ማድረግ ከባድ ነው፤ በመሆኑም በደህንነት ሙያ ውስጥ ማስክ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። አስቀድሞ አቧራውን ከምንጩ መያዝ ይገባል፤ ይህም በካርዲንግ ማሽኖቹ ላይ አቧራ የሚስብ መሣሪያ መግጠም፣ ያለውም ከሆነ ማጣሪያውና ቱቦው መደፈኑን ማየት፣ ማሽኑን በሽፋኑ ማሠራት ነው። ወለልና ማሽን በመጥረጊያና በአየር ግፊት ሳይሆን በሚስብ መሣሪያ ይጸዳ። በፈረቃ መጨረሻ በኮምፕረሰር ልብስ ላይ ያለውን ብናኝ የማራገፍ ልማድ ካለ ዛሬ ይቁም፤ የወደቀውን አቧራ እንደገና ወደ ትንፋሽ መልሶ ያስገባል፤ ግፊቱ ራሱም ዓይንና ጆሮ ይጎዳል።

ከዚያ የወረቀት ሥራው ይከተላል። አዋጁ የደህንነት ሠራተኛ እንዲመደብና የሙያ ደህንነትና ጤንነት ኮሚቴ እንዲቋቋም ይጠይቃል፤ ኮሚቴው የካርዲንግ ክፍል ሠራተኛ የሌለበትና በቢሮ ሰዎች ብቻ የተሞላ ከሆነ ግን ሰኞ የሚሆነውን አይሰማም። አደገኛ ሥራ ላይ የተመደቡ ሠራተኞች የጤና ምርመራ ወጪው የአሠሪው ነው። ለእናንተ ክፍሎች የሚጠቅመው ደግሞ ትንፋሽ የሚለካው ምርመራ ነው፤ ሠራተኛው ሲቀጠር አንድ ጊዜ፣ ከዚያም በየተወሰነ ጊዜ፣ ከተቻለ በሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን ፈረቃ ሳይጀመርና ሲያልቅ። ልዩነቱ ቁጥር ሆኖ ሲወጣ የእሑድ ድግስ ክርክር በዚያው ያበቃል። ክሊኒካችሁ የሰኞ ታካሚዎችን በክፍልና በአገልግሎት ዘመን ለይቶ መመዝገብ ቢጀምር፣ ለሥራ አስኪያጁ የሚቀርበው ከሁሉ የበለጠ ሪፖርት እርሱ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «በአንድ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ግንባታ ላይ ፌሮ ሠራተኛ ነኝ። የተቀጠርኩት በቃል በፎርማን በኩል ነው፤ ኮንትራክተሩ ‹የንዑስ ተቋራጩ ሰው ነህ› ይለኛል፣ ንዑስ ተቋራጩ ደግሞ የቀን ሠራተኛ ስለሆንክ ውል የለህም ይላል። ስድስተኛው ፎቅ ጠርዝ ላይ መከልከያ የለም፣ የባሕር ዛፉ እስካፎልድ የታሰረው በአሮጌ ሽቦ ነው። ‹አልወጣም› ብል ያባርሩኛል። ምን ላድርግ?» (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የሥራ ውል በቃል ሊሆን ይችላል፤ በጽሑፍ አለመሆኑ መብትዎን አያሳጣዎትም። እንዲያውም ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ይህን ሳያደርግ ቀርቶ «ውል የለህም» ማለቱ የራሱን ጥፋት መከላከያ ማድረግ ነው። «የቀን ሠራተኛ» የሚለው ስምም የደመወዝ አከፋፈልን ይገልጽ ይሆናል እንጂ ሰውን ከደህንነት ጥበቃ አያወጣም። አሠሪዎ ማን እንደሆነ ለማወቅ ክፍያውን ማን እንደሚሰጥዎ፣ ማን እንደሚያዝዎ፣ ስምዎ በማን የሰዓት መቆጣጠሪያ ላይ እንደሚጻፍ ይመልከቱ። የሚቻል ከሆነ የክፍያ ዝርዝሩን ሲፈርሙ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ ሁለቱ ድርጅቶች እርስዎን አንዱ ወደ ሌላው ሲወረውሩ የሚያስቆማቸው እርሱ ነው።

ስለ አደጋው ሲጽፉ ያሳሰበኝ አሮጌው ሽቦ ነው። ባሕር ዛፍ በአግባቡ ከታሰረ ሰው የሚሸከም እንጨት ነው፤ የሚከዳው ብዙ ጊዜ ማሰሪያው ነው። ዝገት የበላው ወይም ቀድሞ ሌላ ሕንፃ ላይ ታስሮ የተፈታ ሽቦ ሲጠመዘዝ ይቆረጣል፤ ዝናብ ያገኘው ርጥብ እንጨት ደግሞ ሲደርቅ ስለሚቀጥን ማሰሪያው ይላላል። ከዝናብ በኋላ ሳይፈተሽ ማንም ሊወጣበት አይገባም። የጠርዙ መከልከያ ከወገብ ከፍ የሚል፣ ሰው ሲደገፍበት የማይጎብጥ መሆን አለበት፤ ከሥሩም ዕቃ ተንሸራቶ ከታች ባለ ሰው ላይ እንዳይወድቅ የሚያግድ ጣውላ ያስፈልገዋል። እርስዎ ፌሮ ሠራተኛ ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሶሌታው ቀጥ ብለው የሚቆሙት የአምድ ፌሮዎች ጫፋቸው ክዳን ካልተደረገበት ከአንድ ሜትር ከፍታ የሚወድቅን ሰው እንኳ ይወጋሉ። ክዳን ከጠፋ ጫፉን ወደ ታች ማጠፍ ወይም በጣውላ መሸፈን ይቻላል። ቆብ ከላይ ለሚወድቅ ድንጋይ ነው፤ ከስድስተኛ ፎቅ ለሚወድቅ ሰው ምንም አያደርግለትም።

«አልወጣም» ማለትን በተመለከተ ሁለት መደገፊያ አለዎት። በ1983 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት 155ኛ ስምምነት፣ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ቅርብና ከባድ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት የሚያምን ሠራተኛ ከዚያ ቦታ ራሱን ቢያገልል ያለአግባብ እንዳይጎዳ ይጠብቀዋል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ደግሞ የጸደቁ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋቸዋል። ከዚህ ሌላ የአዋጁ አንቀጽ 32 ሠራተኛው ደህንነቱን የሚያሰጋ ሊደርስ የተቃረበ አደጋ መኖሩን አሠሪው እያወቀ፣ ከሠራተኛው፣ ከማኅበሩ ወይም ከሚመለከተው አካል ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በጊዜው እርምጃ ካልወሰደ፣ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ ውሉን እንዲያቋርጥና ካሣ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ቅሬታ ማቅረብ ራሱ በአንቀጽ 26 መሠረት ለማባረር በቂ ምክንያት አይሆንም።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ መልካም ነው፤ የዕለት እንጀራው ከዚያች ሶሌታ ላይ ለሆነ ሰው ግን ብቻውን ተነስቶ «አልወጣም» ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ብቻዎን አይቁሙ። በዚያ ፎቅ ላይ የሚሠሩት ግንበኞችና ፌሮ ሠራተኞች አምስት ስድስት ሆናችሁ አንድ ገጽ ጻፉ፤ ቀኑን፣ ፎቁን፣ የጎደለውን ነገር ዘርዝሩ፤ አንዱን ለፎርማኑ፣ አንዱን ለሕንፃው አማካሪ መሐንዲስ፣ አንዱን ለከተማው ሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት ስጡ። አማካሪው መሐንዲስ ደብዳቤውን ተቀብሎ ዝም ካለ፣ ነገ አደጋ ቢደርስ አላወቅሁም ለማለት እንደማይችል ያውቃል፤ በተግባር ሥራን በፍጥነት የሚያስቆመው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ «የአንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ነኝ። የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓዳችን በዝቃጭ ስለሞላ ከመንገድ ሁለት የቀን ሠራተኞች ጠርተን፣ በቁርጥ ዋጋ ተስማምተን እንዲያጸዱት ልናደርግ ነው። ከዚህ በፊት የምናደርገው ሻማ በገመድ አውርደን፣ ካልጠፋ ሰው ማስገባት ነበር። ይህ ይበቃል? አደጋ ቢደርስስ በቁርጥ የተስማማን ስለሆነ እንጠየቃለን?» (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እባክዎ ማንንም አያስገቡ። ሻማው አንድን ነገር ብቻ፣ እርሱንም በግምት ይናገራል፤ አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በጣም መቀነሱን። ጤናማ አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለው፤ ከ19.5 በመቶ በታች ሲወርድ ባለሙያዎች ለሰው የማይበቃ ይሉታል፤ ሻማ ግን ከዚህ በታችም ይነዳል። በዝቃጭ ውስጥ የሚፈጠረው ሚቴን ደግሞ ከእሳት ሲገናኝ ሊፈነዳ የሚችል ጋዝ ስለሆነ፣ ሻማው ራሱ አደጋ ነው።

ሰው የሚገድለው ግን ብዙውን ጊዜ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ከጉድጓዱ ሥር ይተኛል፤ ዝቃጩ በአካፋ ሲነካካ በአንድ ጊዜ ይወጣል። በዝቅተኛ መጠን አፍንጫ ይለየዋል፤ መጠኑ ወደ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል መቶው) ሲጠጋ ግን የማሽተት ስሜት ራሱ ይደነዝዛል። «መጀመሪያ ሸቶን ነበር፣ አሁን ጠፋ፤ ንጹሕ ነው» የሚለው አነጋገር ስለዚህ እጅግ አደገኛ ነው፤ ሽታው የጠፋው ጋዙ ስለበዛ ሊሆን ይችላል። በዚህ ዓይነት አደጋ ሁለት ሦስት ሰው አብሮ የሚሞተውም ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ሲወድቅ ጓደኛው ሳያስብ ይገባል፤ እርሱም ሲወድቅ ከደጅ የሮጠው ዘበኛ ይገባል፤ ሁሉም ሊያወጣው ብሎ።

መጠየቃችሁን በሚመለከት፣ ሥራውን የምትመሩትና የምታዙት እናንተ ከሆናችሁ ዋጋው በቁርጥ መሆኑ ከአሠሪነት አያድናችሁም፤ ገለልተኛ ተቋራጮች ናቸው ቢባሉ እንኳ ጉድጓዱ የእናንተ፣ አደጋውም እናንተ የምታውቁት በመሆኑ በፍትሐ ብሔር ሕግ መጠየቅ ሊከተል ይችላል። ከመንገድ የተጠሩ ሁለት ሰዎች ሰልፋይድ ምን እንደሆነ እንዲያውቁ አይጠበቅም፤ እርስዎ ግን ይህን ካነበቡ በኋላ ያውቃሉ።

መፍትሔው ያን ያህል ውድ አይደለም። የፍሳሽ ማንሻ ቦቴ ይጥሩ፤ ሰው ከላይ ሆኖ በቱቦ ይስብ። የደረቀው ዝቃጭ አልሳብ ካለ ውኃ እየጨመሩ ማቅጠን ይቻላል። ሰው የግድ መግባት አለበት ከተባለ ሥራው ጋዝ መለኪያ ላለው፣ አየር ለሚያስገባ፣ ሠራተኛውን በመታጠቂያና በገመድ ከላይ ካለ መጎተቻ ጋር ለሚያስር፣ ልኬቱንም ሥራው እስኪያልቅ ሳያቋርጥ ለሚቀጥል ባለሙያ ይሰጥ። ከላይ የሚቆመው ጠባቂ ምንም ቢፈጠር አይገባም፤ ሥራው ገመዱን መጎተትና ሰው መጥራት ነው። ቦቴው እስኪመጣ ድረስም የጉድጓዱን ክዳን ቆልፈው ቁልፉን እርስዎ ዘንድ ያኑሩት።